ክረምት ሲገባ ወደ ወንዝ የሚወጣው ዓሣ፦ የጎጃም ውሃዎች ዳሰሳ

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በአገሪቱ የዓሣ ወሬ ሁሉ ስለ ንጋት ሐይቅ ሆኗል። 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ውሃ ብዙ አስጋሪ እንደሚያሠራ አያጠራጥርም። የሐይቁን ውሃ ከሚያዋጡት አገሮች አንዱ የሆነው የጎጃም ደጋና ወይናደጋ ግን በዚህ ወሬ ውስጥ ስሙ ብዙም አይነሳም። ዓሣን ሳይጨርሱ የማጥመድ ጥያቄ የሚፈተነው ደግሞ በትልቁ ሐይቅ ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ትንንሽ ወንዞችና የመስኖ ግድቦች ላይ ጭምር ነው።

የምዕራብ ጎጃምና የአካባቢው ውሃ በሁለት ይከፈላል። ብር፣ ፈጣምና ተምጫ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደንበጫ አካባቢ እያለፉ በስተደቡብ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳሉ። ከሰከላ ግሽ ዓባይ የሚነሳው ግልገል አባይ ግን ወደ ሰሜን ሄዶ ጣና ይገባል። ሁለቱን የሚለያያቸው 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ አባይ ፏፏቴ ነው። ከታች ያለ ዓሣ ፏፏቴውን ወጥቶ ጣና መድረስ ስለማይችል፣ ከላይ ያለው ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻው ኖሯል። በዚህ ላይ በጃቢ ጠህናን ገራይ፣ በመራዊ አቅራቢያ ደግሞ 7,000 ሄክታር ለማልማት የታቀደው ቆጋ ለመስኖ ተገድበዋል፤ ሁለቱም ዓሣ ይዘዋል።

የማጥመጃው ዓይነት ብዙ ነው፤ መንጠቆ፣ ወጥመድ፣ መረብ፣ ጦር፣ ብርብራ። ከሁሉም ጎጂው ብርብራ ነው። የዛፉ ፍሬ ደርቆ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ በድንጋይ በተገደበ ኩሬ ላይ ይበተናል። ውስጡ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር የዓሣውን ትንፋሽ ስለሚያሳጣው ጥቂት ቆይቶ ዓሣው አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ለቃሚው ትልልቁን ለቅሞ ይሄዳል። የቀረው፣ ጣት የማያክለው ጫጩት ሁሉ፣ እዚያው ይበሰብሳል። ለአንድ ቀን ወጥ ተብሎ የአንድ ወንዝ የነገ ዓሣ ያልቃል፤ ይህን በ«ልማድ ነው» ማለፍ አይገባም።

ጦር ከዚህ በእጅጉ ይለያል። በባሕር ዳርቻ አገሮች ትንፋሽን ይዞ ጠልቆ ዓሣ መውጋት ትልቅ የመዝናኛ ዘርፍ ሆኗል፤ ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ወደብም ዳርቻም ስለሌላት ይህ ለእርሷ የሩቅ ጉዳይ ይመስላል። ስለ እርሱ የሚደረገው ክርክር ግን ለእኛም ይጠቅማል። ጠላቂው የሚወጋውን አይቶ ይመርጣል፣ ያልፈለገውን ይተዋል፣ ውሃ ውስጥ ተረስቶ የሚገድል መረብም አይተውም። በዚያው ልክ ጦር የሚያነጣጥረው ትልቁን ነው፤ ትልቅ እንስት ዓሣ ደግሞ ከትንንሾቹ ጋር በማይወዳደር መጠን እንቁላል ትጥላለች። መንጠቆ የያዘውን መልሶ መልቀቅ ይቻላል፤ የተወጋ ግን አይለቀቅም። ፈረንሳይና ጣሊያን የአየር ጋን ተሸክሞ መውጋትን የከለከሉት ዓሣው የሚሸሽበት ጥልቀት እንዳያጣ ነው።

በኢትዮጵያ በጦር ማጥመድ ዛሬም የሚሠራበት ቦታ አለ። በጋምቤላ ኑዌሮችና አኙዋኮች የባሮ ጎርፍ ሲሸሽ በቀረው ውሃ ላይ በጦር ያድናሉ። በጎጃም ወንዞች ግን በክረምት ውሃው በደለል ስለሚደፈርስ ዓሣ አይቶ መውጋት ይቸግራል። ዓሣው የሚታየው ጥልቀት በሌለው የጠራ ውሃ፣ በጠጠር ላይ እንቁላል ሊጥል ሲወጣ ነው። ያኔ መውጋት ግን ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው። አምባዛም እንዲሁ ዝናብ ሲጥል ውሃ ወደተኛበት ሣር ዳር ወጥቶ ስለሚራባ፣ ከእጅ የማያመልጠው በሚራባበት ሰሞን ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በምን ተያዘ ከሚለው ይልቅ መቼና የት ተያዘ የሚለው ነው።

ይህን በጉልህ የሚያሳየው የካርፕ ወገን የሆነው የጣና ነጭ ዓሣ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከ190 ዓመት ገደማ በፊት የጣናን ዓሦች ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ በርካታ ዓይነቶችን ለይቶ ነበር። በኋላ ግን የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ሁሉ በአንድ ስም ተጠቀለሉ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሆላንዱ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊዮ ናኸልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የባሕር ዳር አስጋሪዎች በዓይናቸው ብቻ የሚለዩትን ዓሣ በጥንቃቄ ለክተው 15 ዝርያዎች አሉ አሉ። ከእነዚህ ስምንቱ ዓሣ በሊታ ናቸው። ካርፕ መሰል ዓሣ ጥርስ በመንጋጋው ላይ ስለሌለው ሌላ ዓሣ አድኖ ለመብላት አይመችም፤ ስለዚህ በአንድ ሐይቅ ስምንት አዳኝ መገኘቱ በዓለም ላይ አቻ የለውም ማለት ይቻላል። ጎጃምና ጎንደር የሚጋሩት ይህ ሀብት ከላሊበላ ባልተናነሰ ሊጠበቅ የሚገባው ነው።

ከእነዚህ ዝርያዎች በርካታዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሐይቁን ትተው በወንዝ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ወደ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጡና ንጹሕ ውሃ በሚፈስባቸው ትንንሽ ገባሮች ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። አንድ መረብ በወንዝ አፍ ላይ ቢዘረጋ ያን ዓመት ሊወልድ ከመጣው ብዙውን ሊይዝ ይችላል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ በሆላንድ ግብረ ሠናይ ድጋፍ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲገባ፣ እስከዚያ በታንኳ ከዳር ብቻ ይሠራ የነበረው ማስገር ክፍት ውሃውንና የወንዞቹን አፍ ደረሰ። ማርቲን ደ ግራፍ፣ ተስፋዬ ውድነህና ባልደረቦቻቸው በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ገደማ ማነሳቸውን አሳይቷል። ጫጩቶቹ የቀነሱት ከዚያም በላይ ነው።

የዓሣውን ማነስ ለደለል፣ ለእርሻ መስፋፋትና በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ለታየው እምቦጭ አረም የሚሰጡ አሉ። እነዚህ ሁሉ ጎጂ ናቸው፤ ነገር ግን ቁልቁለቱ የጀመረው እምቦጭ ከመታየቱ በፊት ነው። በሐይቁ ውስጥ የሚራባው ቀረሶ (ቲላፒያ) እንደ ነጭ ዓሣ ባይወድቅም፣ ወንዝ የሚወጡት ወደቁ። ይህ የሚያመለክተው ወደ ወንዙ አፍ ነው። አስጋሪውን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይሆንም። ሌላ እርሻ የሌለው የታንኳ አስጋሪ በክረምት መረቡን እንዲሰቅል ሲጠየቅ፣ ቤቱ በምን እንደሚኖር አብሮ ሊታሰብለት ይገባል።

ሕግ አልጠፋም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አውጥቷል። መርዝና ፈንጂ የተከለከሉ ናቸው፤ ለንግድ ማስገር ፈቃድ ይጠይቃል። የጎደለው ወንዝ ዳር ቆሞ ሕጉን የሚያስከብር ሰው ነው። ከነጠላ የፕላስቲክ ክር የተሠራ ቀጭን (ሞኖፊላመንት) መረብ በገበያ ሲሸጥ ይታያል፤ ርካሽ ነው፣ በውሃ ውስጥ አይታይም፣ ትንሹንም ትልቁንም ይይዛል፣ ሲቀደድም ውሃ ውስጥ ይቀራል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቆየው ግጭት ደግሞ የወረዳ ባለሙያ ከቢሮው ወጥቶ ወንዝ እንዳይደርስ አድርጎታል።

 የመዝናኛ ማጥመድ በኢትዮጵያ ይበልጥ የሚታወቀው በጫሞ ናይል ፐርች፣ በባሌ ወብ ወንዝ ደግሞ ከውጭ መጥቶ በተለቀቀው ትራውት ነው። በገራይና በቆጋ ዳር ግን ከትምህርት በኋላ መንጠቆ የሚጥል ወጣት አለ፤ የነገ ስፖርት አጥማጅ እርሱ ነው። ልማዱን አሁን ቢይዝ መልካም ነው፦ መንጠቆው ወደ ኋላ የዞረ እሾህ የሌለው ይሁን፤ የሚለቀቀው ዓሣ በእርጥብ እጅ ይያዝ፤ እንቁላል የሞላ ሆድ ያለው ይመለስ፤ ጫጩት አይወሰድ። በመኸርና በበጋ የቱንም ያህል ቢያጠምድ፣ ክረምት ላይ ወንዝ የሚወጣውን ዓሣ አይንካ።

የክልሉ ግብርና ቢሮና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ከአንድ ቦታ ይጀምሩ። ግልገል አባይ ወደ ጣና የሚገባበት አፍ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይዘጋ፤ ጠባቂዎቹም ከአስጋሪ ማኅበራቱ ይመረጡ፣ ለዚያ ጊዜ ደመወዝ ይከፈላቸው። በሰከላ፣ በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ወረዳ ያሉ የቀበሌ ሽማግሌዎችና ቀሳውስትም ብርብራ ወንዝ ውስጥ እንዳይበተን በየደብሩ ይናገሩ። ቃላቸው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ይልቅ ይሰማልና።