የማንጎው ዝንብና ትንሿ ተርብ

በኮሮና ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃን ሜዳ እስኪዛወር ድረስ፣ የፒያሳው አትክልት ተራ ከአርባ ምንጭና ከሌሎች አካባቢዎች የመጣ ማንጎ ይራገፍበት ነበር። ዛሬም አራዳ ላይ የገዛነውን ማንጎ ስንልጥ ነጭ ትል ብናገኝ፣ ነጋዴውን ከመውቀሳችን በፊት ከእስያ የመጣችውን የፍራፍሬ ዝንብ እናስብ። በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው በ2003 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ነው፤ በዓመቱ ኢትዮጵያም ገባች። እንቁላሏን ከልጣጭ ሥር ስለምትጥል ከላይ የሚረጭ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም።

ፎፒየስ አሪሳነስ የተባለችው ተርብ ግን ትደርስበታለች። ማንጎው ላይ እየተራመደች የዝንቧን እንቁላል ታስሳለች፤ ስታገኝ እንደ መርፌ የቀጠነ አካሏን ሰክታ በውስጡ የራሷን ትጥላለች። ትሉ አድጎ አፈር ውስጥ ሙሽሬ ሲሆን፣ በዝንብ ፋንታ ተርብ ይወጣል። ሃዋይ ውስጥ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ተለቅቃ ዝንቧን በእጅጉ አመናምናለች፤ የናይሮቢው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔም በ2006 እ.ኤ.አ. ከዚያው አስመጥቷታል።

ባዕድ ነፍሳት ማምጣት አያሰጋም ወይ ለሚል ስጋቱ ተገቢ ነው፤ አስቀድሞ መፈተሽ ግድ ይላል። ይህች ተርብ ግን የምትፈልገው የፍራፍሬ ዝንቦችን ነው፣ ሰውም አትነድፍም። የተወጋውን ማንጎ አታድንም፣ እውነት ነው፤ የምትቀንሰው ተከታዩን የዝንብ ትውልድ ነው። ስለዚህ ብቻዋን አትበቃም። ገበሬው የረገፈውን ፍሬ ሰብስቦ ቀዳዳው ለተርቧ በሚበቃ፣ ዝንቧን ግን በማያሳልፍ መረብ ቢከድነው፣ ዝንቧ እዚያው ትቀራለች፤ ተርቧ ወደ እርሻው ትመለሳለች። ያለ ልክ የሚረጭ መድኃኒት ግን እሷንም ይገድላታል።