ምዕራፍ 6፦ ወገብ ሲታሽ ምን ይባላል?

ወገቡን ከሦስት ወር በላይ ያመመው ሰው ብዙ ጊዜ የኤምአርአይ ውጤቱን ይዞ ይመጣል። «ዲስክህ አርጅቷል» ከተባለ ወዲህ ጎንበስ ብሎ የጫማ ክር ማሰር እንኳ ያስፈራዋል። ሆኖም ወገባቸውን የማያማቸው 3,110 ሰዎች የተነሡትን ምስል ያሰባሰበ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ግምገማ፣ የዲስክ ማርጀት በ20 ዓመት ወጣቶች ዘንድ እንኳ 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት አዛውንት ዘንድ ደግሞ 96 በመቶ እንደሚደርስ አሳይቷል። ስለዚህ ምስሉን ብቻ አይቶ «ሕመሙ ከዚህ ነው» ማለት አይቻልም።

ታዲያ ከየት ነው? ከወገብ የተነሣው መልእክት በኅብለ ሰረሰር በኩል አንጎል ይደርሳል። አንጎልም ከእንቅልፍ ማጣቱ፣ ከጭንቀቱና ቀድሞ ከሰማው ጋር አገናዝቦ «አደጋ አለ» ሲል ያማል። ሕመሙ ሲሰነብት ነርቮች ከልክ በላይ ይነቃሉ፤ ሌባው ከሄደ በኋላም በአላፊ አግዳሚው ላይ እንደሚጮኽ ውሻ ይሆናሉ። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የጉዳቱን ልክ ግን አይናገርም።

ፊዚዮቴራፒስት ጡንቻ ሲያሽና መገጣጠሚያ ሲያንቀሳቅስ ሕመሙ ለጊዜው ይበርዳል። የሚበርደው በዋናነት ነርቮች ስለሚረጋጉ እንጂ የወጣ አጥንት ስለተመለሰ አይደለም። «አጥንትዎ ወጥቶ ነበር፣ መለስኩልዎ» የተባለ ታካሚ እፎይ ብሎ ይሄዳል፤ ባመመው ቁጥር ግን «ደግሞ ወጣብኝ» እያለ ይመለሳል። «ወገብዎ ጠንካራ ነው፤ ቀለል ባለዎት ሰዓት እንሞክረው» የተባለው ደግሞ ከአልጋው ወርዶ ወንበር ላይ ይቀመጥና እጁን ወደ ጉልበቱ፣ ቀጥሎም ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይሰዳል። ሌላ ቀን ቆሞ ይሞክረዋል፤ ውሎ አድሮም ግማሽ ጀሪካን ውሃ ያነሣል። ፍርሃቱን የሚያስለቅቀው ማብራሪያው ብቻ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ ደኅና መነሣቱ ነው።

አውስትራሊያዊው ፊዚዮቴራፒስት ሎሪመር ሞስሊ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህን የእሽት፣ የማብራሪያና የእንቅስቃሴ ቅንጅት በ57 ታካሚዎች ላይ ፈትኗል። አንዱ ቡድን ለአራት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የእጅ ሕክምናና የሰውነት እንቅስቃሴ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ደግሞ ስለ ሕመም ትምህርት አገኘ። ሌላው የተለመደውን የሐኪም ክትትል ቀጠለ። የመጀመሪያው ቡድን ሕመሙ ቀነሰ፣ የዕለት ሥራውም ቀለለለት፤ ልዩነቱ ከዓመት በኋላም ታይቷል። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ትምህርትን፣ የሰውነት እንቅስቃሴንና የእጅ ሕክምናን በአንድነት ከሚመክራቸው መካከል አስቀምጧል።

ከመታሸት በፊት ሐኪም ማየት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ የአከርካሪ ቲቢ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መካከል ከደነዘዘ ወይም እግር ከሰነፈ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ከዚህ ውጪ ከሆነ፣ ወገብዎን የሚያሽዎትን ባለሙያ «እስክንገናኝ ቤት ምን ልሥራ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ «ምንም፤ ተመልሰው ይምጡ ብቻ» ከሆነ ሕክምናው ገና ግማሽ ነው።