ተጨማሪ መረጃ፦ «ጣጣ»

«ጣጣ» አንድን ጉዳይ ተከትሎ የሚመጣ ውጣ ውረድ ወይም ተደራራቢ ሥራ ነው። ከ«መከራ» ይቀላል፤ መከራ ሰውን ይሰብራል፣ ጣጣ ግን አድክሞ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ከመነሻው ጋር ይጠራል፦ «የሰርግ ጣጣ»፣ «የቤት ኪራይ ጣጣ»።

• ጣጣ የለውም፦ ቀላል ነው፤ ችግር አያመጣም።
• ጣጣው ብዙ ነው፦ ብዙ ያደክማል፤ ብዙ ያስወጣል።
• ጣጣውን ጨረሰ፦ የሚጠበቅበትን ሁሉ አጠናቀቀ።

ቃሉ ለይሉኝታም ያገለግላል፦
— እትዬ፣ ቡና ላፍላ?
— ተይ ልጄ፣ ጣጣ አታብዢ፤ ውሃ ይበቃኛል።
እንግዳዋ ቡናውን ጠልተው ሳይሆን ለልጅቷ ድካም አስበው ነው።

ልብ በሉ፦ ድንኳን መትከሉና ንፍሮ መቀቀሉ «የለቅሶ ጣጣ» ቢባልም፣ የሰውን ሐዘን ራሱን «ጣጣ» ማለት ያስቀይማል።