ከቆቃ ውኃ ለቆቃ ሰው

ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ ቆቃ የደረሰ መንገደኛ ዳር ላይ በሣጥን የተደረደረ ቲማቲምና በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ቀይ ሽንኩርት ያያል። ቀና ሲል ደግሞ ከግድቡ ተነስተው ማሳውን እየተሻገሩ የሚሄዱ የከፍተኛ መስመር ሽቦዎች አሉ። ሽንኩርቱን ያጠጣው ፓምፕ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በነዳጅ ነው። ሽቦው ከላይ ያልፋል፤ ገበሬው ከሥሩ በጄሪካን ነዳጅ ይቀዳል። መብራት ኃይል ለጎረቤቱ ምን ይመልሳል ብሎ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ “መብራት ኃይል” የሚለው ድርጅት ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ሁለት ሆኗል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ግድቡን ይዞ ኃይል ያመነጫል፣ በትላልቆቹ ማማዎችም ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ቆጣሪ የሚተክለው፣ ሒሳብ የሚሰበስበው፣ ትራንስፎርመር ሲቃጠል የምንጠራው ነው። ስለዚህ የቆቃ ሰው ጎረቤትነቱ ከአንዱ ጋር ነው፤ ደንበኛነቱ ግን ከሌላው ጋር ነው። ብዙ አቤቱታ መንገድ ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ግድቡ ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። ገንዘቡ ጣሊያን ለወረራው ከከፈለችው የጦር ካሳ የተገኘ ነበር። የሦስቱ ተርባይኖች አቅም በድምሩ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ዛሬ 5,150 ሜጋ ዋት ካለው ከሕዳሴው ግድብ ጋር ሲተያይ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ በዘመኑ ግን አዲስ አበባን ያበራ፣ ፋብሪካ ያንቀሳቀሰ ትልቅ ሥራ ነበር። ውኃው ቆቃ ላይ ሥራውን አይጨርስም። ከግድቡ ወርዶ አዋሽ ሁለትንና አዋሽ ሦስትን ያዞራል፤ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት አላቸው። አንዱ ውኃ ሦስት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ የተከፈለው መሬት ነው። ዛሬ ገሊላም የሚባለው የቆቃ ሐይቅ የተኛበት ሜዳ የኦሮሞ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች እርሻና ግጦሽ ነበር። ውኃው ሲመጣ ለቀው ወጡ። ተነሺዎች “መልሰው የሚቋቋሙበትን ሁኔታ” በርዕሱ ጭምር የያዘው አዋጅ ቁጥር 1161 የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ግድቡ ከተመረቀ ከ59 ዓመት በኋላ። በአገር ካሳ የተሠራ ግድብ ነውና፣ ሜዳውን የለቀቁትን ቤተሰቦች ሳያነሱ ስለ ቆቃ መጻፍ ትክክል ሆኖ አይታየኝም።

ሽቦው በአናቱ ላይ እያለፈ መንደሩ ለምን ይጨልማል? ይህን ሰዎች እንደ ክፋት ያዩታል፤ ምክንያቱ ግን የአሠራር ነው። የወንጂን የሸንኮራ ማሳ ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ከዋናው ቦይ በቀጥታ ወደ ችግኝ ውኃ አይለቀቅም፤ ጠራርጎ ይወስደዋል። መጀመሪያ ወደ መካከለኛ ቦይ፣ ከዚያ ወደ ትንሿ ቦይ፣ በመጨረሻ ወደ ትልሙ ይገባል። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ማማ ላይ ያለው ሽቦ ከ100 ሺህ ቮልት በላይ ይሸከማል። ማከፋፈያ ጣቢያ ገብቶ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ሺህ ቮልት ይወርዳል፤ ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ትራንስፎርመር ደግሞ ቤት ለሚገባው 220 ቮልት ይደርሳል። ውድ የሆነው ይህ የመጨረሻው እርከን ነው፤ ምሰሶው፣ ትራንስፎርመሩ፣ ቆጣሪው። ስለዚህ ለአንድ መንደር ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ አንድ ትራንስፎርመር ነው ብል አላጋነንኩም። ፓምፑ ከነዳጅ ይላቀቃል። ከሐይቁ የወጣው ቆሮሶና አምባዛም ገዢ እስኪመጣ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል።

በበዓል ዘይትና ዱቄት ማካፈል፣ በክረምት የአረጋውያንን ቤት ማደስ፣ ችግኝ መትከል፣ ለተማሪዎች ደብተር መግዛት በአገራችን የመንግሥት ተቋማት ልማድ ሆኗል። ቤቷ የታደሰላትን እናት ደስታ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ይህ በሰጪው ፈቃድ የሚመጣና የሚቀር ነው። ጎረቤት ከግድቡ የሚያገኘው ቋሚ ድርሻ ሌላ ጉዳይ ነው።

በሌላ አገር ድርሻው በሕግ ተቆርጧል። ኖርዌይ ከ1917 እ.ኤ.አ. ሕጓ ጀምሮ፣ ወንዛቸው ለኃይል ማመንጫ የተወሰደባቸው ወረዳዎች ከሚመነጨው እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን በርካሽ ዋጋ እንዲያገኙ አድርጋለች። ኮሎምቢያ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ትልልቅ የውኃ ኃይል አመንጪዎች ከሽያጫቸው 6 በመቶ እንዲያወጡ ደነገገች፤ ግማሹ ተፋሰሱን ለመጠበቅ፣ ግማሹ ለአካባቢው ወረዳዎች። እኛ ጋ ታሪፉ አገር አቀፍ ነው። ቆቃ ያለው አባወራና ቦሌ ያለው፣ ፍጆታቸው እኩል እስከሆነ ድረስ፣ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍሉት እኩል ነው። ይህ የራሱ ፍትሕ አለው፤ ከማመንጫ ርቆ የሚኖረው እንዳይጎዳ ያደርጋል። ለድሃውም ድጎማ አለ፤ በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲከለስ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀሙ ቤቶች በ27 ሳንቲም ገደማ እንዲቀጥሉ ተደርጎ ነበር። የግድብ ጎረቤት የሚባል መደብ ግን በታሪፉ ውስጥ የለም።

ከኮሎምቢያው ሕግ ይበልጥ የምወደው ለተፋሰሱ የተቆረጠውን ግማሽ ነው። ቆቃን እየበላው ያለው ደለል ነውና። አዋሽ ከላይኛው ሜዳ፣ ሞጆ ወንዝም ከበኩሉ፣ በየክረምቱ የገበሬውን አፈር ይዘው ይገባሉ፤ ውኃው ሐይቁ ውስጥ ሲረጋ አፈሩ ይቀመጣል። ሐይቁ ከመጀመሪያው አቅሙ ብዙ አጥቷል።  ከላይ ላለ ገበሬ ለእርከንና ለችግኝ የሚከፈል ገንዘብ ታዲያ የግድቡን ዕድሜ መግዣ ነው። አፈሩ ማሳው ላይ ሲቀር ገበሬውም ግድቡን የያዘው ድርጅትም ይጠቀማሉ።

የደለሉ ጉዳት ከታች ላሉትም ይተርፋል። ግድቡ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ስለሚለቅ ነው ወንጂም መተሐራም ዓመቱን ሙሉ የሚያጠጡት። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ሐይቁ በአፈር ሲሞላ ግን ጎርፍ የሚይዝበት ቦታ ይጠባል፤ በነሐሴ ውኃ ቶሎ መልቀቅ ግድ ይሆናል። በ2012 ክረምት መጨረሻ አዋሽ ሲሞላ፣ ግድቦቹም ሲሞሉ፣ በአፋር ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ውኃ ከመለቀቁ ከቀናት በፊት በኦሮምኛና በአፋርኛ፣ በሬዲዮም በስልክም በቀበሌም፣ ከብቱን ወንዝ ዳር ላሳደረ እረኛ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ወጪው ትንሽ ነው፤ ሕይወት ግን ያተርፋል።

የአንድ መንደር ሰው ምን ያድርግ? ትራንስፎርመር ወይም አዲስ መስመር የሚጠየቀው በአቅራቢያው ባለው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ነው። በቀበሌው በኩል፣ የቤቶቹና የፓምፖቹ ቁጥር ተዘርዝሮ፣ በጽሑፍ የቀረበ ጥያቄ በየግል ከሚቀርብ ይሻላል፤ የጭነቱን መጠን ለማስላትም ይረዳል። የግድቡን ውኃ አለቃቀቅ የሚመለከተው ጥያቄ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ኃይል ነው የሚቀርበው። በታሪፍ ወይም በአገልግሎት ላይ መፍትሔ ያጣ ቅሬታ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ዘርፉን ወደሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሊሄድ ይችላል። የደብዳቤው ቅጂ ቀኑና ማኅተሙ ሰፍሮበት እጅ ላይ ይቅር።