የደንገል መርከብና ሥራው ያልታወቀ ገመድ

በጣና ዳር የሚኖሩ ሰዎች ታንኳን ያውቋታል። ደንገል ይታጨዳል፤ ይደርቃል፤ እንደ ነዶ ይታሰራል። ነዶዎቹ እርስ በርስ ተጠፍረው ታንኳ ይሆናሉ። ሥራዋን ስትጨርስ ከውሃ አውጥተው ዳር ላይ ያደርቋታል። ደንገል ውሃ ይጠጣልና ካልደረቀ ይከብዳል፤ ይበሰብሳልም።

ታዲያ በዚህ ደንገል ውቅያኖስን ያህል ባሕር መሻገር ይቻላል? ይህን ለማወቅ የተነሣ ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ነበር። የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ይጓዙ እንደነበር በመቃብሮቻቸው ግድግዳ ላይ የተሳሉት ሥዕሎች ያሳያሉ። ሄየርዳልም ያንን የመሰለ መርከብ አሠርቶ በነፋስ ኃይል ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ለመሻገር አሰበ። በግብፅ ግን በዚያን ጊዜ ደንገል ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ስለዚህ 120 ኩንታል ያህል ደንገል ከጣና ሐይቅ ተወሰደ።

መርከቧን የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ታንኳ ሠሪዎች ናቸው። ስሟ «ራ» ተባለ። ምሰሶዋ ሁለት እግር ነበረው። አንድ እግር ብቻ ቢኖረው ክብደቱ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አርፎ ደንገሉን ይጎዳው ነበር። በምሰሶው ላይ ነፋስ የሚይዝ ሰፊ ሸራ ተሰቀለ።

ችግሩ ያለው ከኋላ ነው። የቻድ ታንኳ ፊቷ ወደ ላይ የቀና ሲሆን ኋላዋ ግን ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። በግብፅ ሥዕል ላይ ያለችው መርከብ ግን ጅራትም አላት፤ ጅራቷም ወደ ላይ ይቆለመማል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ለሚያውቁት ታንኳ ጅራት ቀጠሉለት። በሥዕሉ ላይ ከጅራቱ ጫፍ እስከ ወለሉ የተወጠረ ገመድም ይታያል። ገመዱ ጅራቱን ለመቆልመም ብቻ የታሰረ መሰላቸው። ጅራቱ ያለ ገመድም ቆልመም ብሎ ስለቆመ፣ ገመዱን ተዉት።

«ራ» በግንቦት ወር 1961 ዓ.ም. ሰባት ሰዎች ይዛ ከሞሮኮ ተነሣች። ጥቂት እንደሄደች ጅራቷ ይዘቅጥ ጀመር። ማዕበሉ በኋላዋ በኩል እየገባ፣ በነፋሱ ወገን ያለው ጎኗ ውሃ እየጠጣ ከበደ። ያ ገመድ ለካ ጌጥ አልነበረም! ማዕበል ሲመጣ መርከቧ ትታጠፋለች፤ ገመዱ ደግሞ መልሶ ጅራቷን ያነሣታል። 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ፣ በሐምሌ ወር፣ ሰዎቹ መርከቧን ትተው በሌላ ጀልባ ተሳፈሩ። ደግነቱ ሁሉም ዳኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማረስ የማያውቅ ሰው ምራኑን ቢያይ ተራ ጠፍር ይመስለዋል። ምራኑ ከሌለ ግን በሬዎቹ ቀንበሩን ይዘው ይሄዳሉ፤ ሞፈሩ ከኋላ ይቀራል።

በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛዋ መርከብ «ራ 2» ተሠራች። ደንገሉ አሁንም የኢትዮጵያ ነበር። ሠሪዎቹ ግን በደቡብ አሜሪካ ካለው ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ናቸው። እነርሱ በአገራቸው ፊቷም ኋላዋም የቀና ታንኳ መሥራት ያውቃሉ። ደንገሉን እንደ ሁለት ወፍራም ግንድ አድርገው፣ በረጅም ገመድ ዙሪያውን ጠምጥመው አጥብቀው አሠሩት። ርዝመቷም ከ15 ሜትር ወደ 12 ሜትር አጠረ። የጅራቱ ገመድ በቦታው ተወጠረ። «ራ 2» ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ስምንት ሰዎች ይዛ ተነሣች። ውሃ ጠጥታ ዝቅ ብትልም 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ፣ በ57 ቀን ባርባዶስ ከተባለው ደሴት ደረሰች።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሁለቱም መርከቦች የተሠሩት ከደንገል ነው። ልዩነቱ በአሠራሩ ላይ ነው። እኛም ታንኳ፣ ማረሻ ወይም ጎተራ ስንሠራ፣ የሌላ አገር አሠራር ከመውሰዳችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ መጀመሪያ የተሠራው ለምን ዓይነት ቦታ ነው? ለሐይቅ የበቃ ለውቅያኖስ ላይበቃ ይችላል። ሁለተኛ፣ የምንቀንሰው ነገር ሥራው ምን ነበር? ሥራውን ሳናውቅ አንቁረጠው። ሦስተኛ፣ በእጁ ሠርቶ የሚያውቀው ማን ነው? እርሱን እንጠይቀው፤ ቀለም ባይቆጥርም ዕውቀት አለው።

ጥያቄዎች
1. የ«ራ» ጅራት ለምን ዘቀጠ?
2. የ«ራ 2» አሠራር በምን ይለያል?
3. በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች፣ ጌጥ የሚመስል ነገር ግን ሥራ ያለው የትኛው ነው? ለጎረቤታችሁ አስረዱ።