የባህል ቡድን አሜሪካ ሲጋበዝ፦ የትኛው ቪዛ? ማንስ ያመለክታል?

ከወሎዋ መካነ ሰላም አንድ የባህል ኪነት ቡድን ዋሽንግተን ለሚደረግ የኢትዮጵያውያን ዝግጅት ተጋበዘ እንበል። ስምንት ሰው ነው፦ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ሁለት ድምፃዊ፣ ሁለት ተወዛዋዥ። መጀመሪያ የሚሰሙት ምክር "የግብዣ ደብዳቤ ይዛችሁ ኤምባሲ ግቡ" የሚል ነው። ምክሩ ለጎብኚ ይሆናል እንጂ ተከፍሎት መድረክ ለሚወጣ ሰው አይሆንም። ለእሱ የሚያስፈልገው የሥራ ቪዛ ነው፤ የሥራ ቪዛው ጉዳይ ደግሞ የሚጀመረው አዲስ አበባ ሳይሆን አሜሪካ ነው።

ለስፖርተኞችና ለኪነት ቡድኖች የተለየው ቪዛ "ፒ" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የተፈጠረ ነው። አርቲስቱ ለራሱ አያመለክትም። ጋባዡ ወይም እዚያ ያለው ወኪል አይ-129 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ ለአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ያስገባል። ከቅጹ ጋር ውሉን፣ ዝግጅቶቹ የሚቀርቡበትን ቀንና ቦታ እንዲሁም ከሙያው የሠራተኛ ማኅበር የተሰጠ አስተያየት ያያይዛል። ቡድኑ ዲኤስ-160 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ አዲስ አበባ ለቃለ መጠይቅ የሚቀርበው ይህ ከተፈቀደ በኋላ ነው። ማመልከቻው ተፈቀደ ማለት ግን ቪዛው ተሰጠ ማለት አይደለም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በሩን፣ ማለትም የ"ፒ"ን ዓይነት፣ ሲመርጡ ነው። "ፒ-1" በዓለም አቀፍ ደረጃ ለታወቁ ስፖርተኞችና ቡድኖች ነው። ቡድን ከሆነ ዝናው የቆየ መሆን አለበት፤ ከአባላቱም 75 በመቶው ቢያንስ ለአንድ ዓመት አብረው የሠሩ መሆን አለባቸው፤ ከስምንቱ ስድስቱ ማለት ነው። ከወሎዎቹ ቦረና ወይም ሳይንት የተነሣ ቡድን በዚህ በር ለመግባት ይቸግረዋል። "ፒ-3" ግን ዓለም አቀፍ ዝና አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥበቡ የአንድ ባህል መለያ መሆኑን ነው። ለማቅረብ ብቻ ሳይሆን ለማስተማርም ይሰጣል፤ እስከ አንድ ዓመት የሚቆይ ሆኖ ሊታደስ ይችላል።

እዚህ ላይ ወሎ ሀብታም ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ከወሎ ጋር ተያይዘው የሚነሡ ናቸው፤ የሁለቱ ስም የቦታ ስም ነው። መንዙማውም አለ። የሚጎድለው ወረቀቱ ነው። አሜሪካ ያለው መርማሪ ቅኝቱን አያውቀውም፤ የሚያስረዳው የባለሙያ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የሚጽፍ ሰው፣ ለምሳሌ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህር ወይም የባህል ተመራማሪ፣ ዕውቀቱን ከየት እንዳገኘና ቡድኑን እንዴት እንደሚያውቀው መግለጽ አለበት። "ጎበዝ ናቸው" ማለት ብቻ አይበቃም። የጋዜጣ ዘገባ፣ የበዓል ፕሮግራምና ቀኑ የተገለጸ ቪዲዮም ይያያዛሉ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ አንድ የወረዳ ኪነት ቡድን ግብዣ ሳይመጣለት ገና ዛሬ ይህን ማኅደር ቢጀምር ከየትኛውም አማካሪ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ቡድኑ ሳክስፎን ወይም ኪቦርድ ጨምሮ ቢሆንስ? "ኦርኬስታ ኬፍ" የተባለ የአርጀንቲና ቡድን የአይሁድን ሙዚቃ ከላቲን አሜሪካው ጋር አዋህዶ ስለሚጫወት ጉዳዩ ክርክር ተነሥቶበት ነበር። የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ የይግባኝ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 የተቀላቀለ ጥበብም የባህል መለያ ሊሆን እንደሚችል ወሰነ። ስለዚህ ኪቦርዱ ብቻውን አያስጥልም፤ ማስረጃው ከጠነከረ።

የሯጮች ነገር ይለያል። በውድድሩ ተሳትፎ ሽልማት ካሸነፈ ብቻ የሚቀበል አትሌት ለሥራ ጉዳይ በሚሰጠው "ቢ-1" የጎብኚ ቪዛ መወዳደር ይችላል። በስሙ ምክንያት ለመገኘቱ ብቻ የሚከፈለው ሲሆን ግን ጉዳዩ ወደ "ፒ-1" ይሄዳል። ለግለሰብ አትሌት እስከ አምስት ዓመት ሊፈቀድ ይችላል።

ቃለ መጠይቁ ላይ ቆንስሉ የሚፈልገው የአገር ቤት ሥርን ነው፤ "ፒ" የሚሰጠው ለሚመለስ ሰው ነውና። የቆንስሉ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት አልመጣም። የ1990ው ሕግ ከመውጣቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ የተጓዘው የዋልያስ ባንድ አባላት ከፊሎቹ እዚያው ቀርተዋል፤ ከእነሱ አንዱ ኃይሉ መርጊያ ለዓመታት ዋሽንግተን ታክሲ ነድቷል። ሙዚቃችን በዚህ አልተጎዳም፤ ከእነሱ በኋላ የሚያመለክተው ግን ጥያቄው ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው ማሲንቆ ነክቶ የማያውቅ ሰው ከስም ዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ለመላው ቡድን አደጋ የሚሆነው። የአንዱ ውሸት ሲጋለጥ የሌሎቹም ጉዳይ ይጠረጠራል፤ የዋሸው ሰው ደግሞ ለዘለቄታው አሜሪካ እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል።

ከደረሱ በኋላ የሬስቶራንት ባለቤቱ "ቅዳሜ ማታ ብቅ በሉልኝ" ማለቱ አይቀርም። ቪዛው የተፈቀደው ለአመልካቹ ሥራ ብቻ ነው፤ አመልካቹ ተመሳሳይ ዝግጅት ሊጨምር ይችላል፣ ቡድኑ በራሱ ግን ሌላ ቦታ ተቀጥሮ አይጫወትም። በአንጻሩ ቀጣሪው ውሉን ቀድሞ ካፈረሰ የመመለሻ ትራንስፖርታቸውን የመክፈል ግዴታ አለበት። ይህን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው።

ጊዜን በተመለከተ፣ ማመልከቻው ሥራው ከመጀመሩ እስከ አንድ ዓመት ቀድሞ ሊገባ ይችላል። ተጨማሪ ከፍሎ በ15 የሥራ ቀናት መልስ ማግኘትም ይቻላል፤ ይህ ግን የኤምባሲውን ቀጠሮ አያፈጥንም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩጂን በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ኬንያዊው ፈርዲናንድ ኦማንያላ በቪዛ መዘግየት የተነሣ የደረሰው የ100 ሜትር ማጣሪያው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ነበር። ፓስፖርት ከሌለ ደግሞ ሁሉም ከዚያ ይጀምራል፤ በማመልከቻው ላይ የሚሰፍረው የእያንዳንዱ አባል ስም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል ሳይቀር መግጠም አለበት።