ነነዌ ቅዳሜ የዋለችበት ዓመት

እናቴ በየዓመቱ አንድ እሑድ ማታ ትደውልልኝ ነበር። ሰላምታው ካለቀ በኋላ «በይ፣ ነገ ጾሙ ይገባል። ማቀዝቀዣሽን እዪው» ትለኛለች። እኔም ስልኩን ይዤ ወደ ወጥ ቤት እሄዳለሁ። የተረፈውን ሥጋ፣ አይብና እንቁላል ሰብስቤ ለጎረቤቴ እሰጣለሁ። በማግሥቱ ሰኞ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም ይጀመራል።

የምኖረው ስዊድን አገር፣ ኡፕሳላ በምትባል ከተማ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ መጥቼ በዚያው ቀረሁ። አሁን የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ስቶክሆልም ስለሆነ፣ በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ተጉዤ የምደርሰው በትልልቅ በዓላት ብቻ ነው። ስለዚህ የጾሙን መግቢያ የምሰማው ደብረ ማርቆስ ካለችው እናቴ ነበር።

ቀኑን ስልኬ ላይ መፈለግ አቅቶኝ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ነው የምውለው። ግን የጾሙን መግባት ከእሷ አፍ ካልሰማሁ የገባ አይመስለኝም ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ስልኩ አልጮኸም። ጾሙ የካቲት 17 ቀን ሰኞ ገባ፤ እኔ አላወቅሁም። ሰኞ ጠዋት ቡናዬን በወተት ጠጣሁ። ማክሰኞ ምሳዬን በሥጋ በላሁ። ሐሙስ ማታ እናቴ ደወለች።

«በይ፣ ነገ ጾሙ ይገባል» አለችኝ።

«እማዬ፣ ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው» አልኳት።

ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «እንዴ፣ ሐሙስ ነው እንዴ?» አለችና ስለ ጎረቤት ሠርግ ማውራት ጀመረች። ስልኩን እንደዘጋን ለወንድሜ ደወልኩ። «ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ትረሳለች» አለኝ። «ድስት እሳት ላይ ጥዳ ትወጣለች። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ያን ሌሊት አንድ ነገር ወሰንኩ። ከዚህ በኋላ የጾሙን መግቢያ የምናገረው እኔ እሆናለሁ። ለዚያ ግን ቀኑ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነበረብኝ።

ቀኑ ለምን ይዞራል?

መስቀል መስከረም 17 ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ፋሲካ ግን አንድ ዓመት በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ሌላ ዓመት በሚያዝያ መጨረሻ ይውላል። ምክንያቱ ጨረቃ ናት። የፋሲካ ቀን የሚወጣው ፀሐይንና ጨረቃን አንድ ላይ በመቁጠር ነው። ዐቢይ ጾምም ወደ ፋሲካ የሚያደርስ ስለሆነ አብሮት ይዞራል።

ይህ የቁጥር ትምህርት ባሕረ ሐሳብ ይባላል። «ሐሳብ» በግእዝ ቁጥር ወይም ስሌት ማለት ነው፤ ስለዚህ ስሙ «የቁጥር ባሕር» እንደማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ቀመሩን ያገኘው የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው። በኢትዮጵያ በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን የዓመቱ በዓላትና አጽዋማት በቤተ ክርስቲያን ይታወጃሉ። «አጽዋማት» ማለት «ጾሞች» ማለት ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያገኘኋቸው ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው አንድ መምህር ባሕረ ሐሳብን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያስተምሩበት ቪዲዮ ነው። በእጃቸው ጠመኔ፣ በአጠገባቸው የሚጮህ ዶሮ አለ። ድምፁ ጥሩ አይደለም። እኔ ግን አራት ጊዜ አየሁት።

ሁለተኛው የብራና መጻሕፍት ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ኮሌጅቪል ውስጥ፣ የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት የሚባል ተቋም አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት ያሉ ብዙ ሺህ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው እዚያ ተቀምጠዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹን አንብበው፣ ምን እንደያዙ በዝርዝር የመዘገቡት ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። በ1975 እንደ ፈረንጆቹ በጥይት ተመተው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ አልቻሉም፤ ሥራቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ለዐሥርት ዓመታት ቀጠሉ። ዛሬ ማንም ሰው በነጻ ተመዝግቦ ብዙ ብራናዎችን ከቤቱ ሆኖ ማየት ይችላል። እኔም አንድ ቅዳሜ የቁጥር ሠንጠረዥ ያለበት ገጽ አገኘሁ። መስመሮቹ ቀይና ጥቁር፣ ቁጥሮቹ የግእዝ ናቸው። ለአንድ ፕሮግራመር ይህ በጣም የታወቀ ነገር ነው፤ አንድ ሰው አስልቶ ውጤቱን ለሌሎች በሠንጠረዥ አስቀምጦላቸዋል።

ሦስተኛው ሁላችሁም በእጃችሁ ይዛችሁታል። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። የዓለም ፊደሎች በሙሉ እያንዳንዳቸው ቁጥር የሚያገኙበት ስምምነት ዩኒኮድ ይባላል። የእኛ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው። እናንተ ስልካችሁ ላይ «ሰላም» ብላችሁ ስትጽፉ ለአያታችሁ የሚደርሰው ሦስት ቁጥር ነው። የአያታችሁ ስልክም ቁጥሮቹን መልሶ ፊደል ያደርጋቸዋል። ፕሮግራሜን ስጽፍ «መጥቅዕ» የሚለውን ቃል በራሱ ፊደል መጻፍ የቻልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

እስቲ አብረን እናስላ

ወረቀትና እርሳስ አምጡ። ማካፈልና መደመር ከቻላችሁ ይበቃል። የ2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ።

በመጀመሪያ 5500 ጨምሩበት። 7518 ይሆናል። ይህ ዓመተ ዓለም ነው።

7518ን ለ19 አካፍሉ። 395 ጊዜ ይደርስና 13 ይተርፋል። ከትራፊው 1 ቀንሱ፤ 12። ይህ ቁጥር ወንበር ይባላል። 19 ለምን? ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደ ነበረችበት ቀን ስለምትመለስ ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በ1800 ላወጣው የፋሲካ ቀመርም መነሻው ዓመቱን ለ19 ማካፈል ነው።

አሁን ወንበሩን በ11 አባዙ፤ 132። ከዚህ 30 እየቀነሳችሁ ሂዱ፤ 12 ይቀራል። ይህ አበቅቴ ነው። 11 የመጣው የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ ነው፤ ልዩነታቸው 11 ነው። አበቅቴውን ከ30 ስትቀንሱ 18 ታገኛላችሁ። ይህ ደግሞ መጥቅዕ ይባላል።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓሉ በመስከረም ይውላል፤ ካነሰ በጥቅምት። 18 ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 18 ነው። በ2018 መስከረም 18 እሑድ ነበር። እያንዳንዱ የሳምንት ቀን ደግሞ ተውሳክ የሚባል የራሱ ተጨማሪ ቁጥር አለው፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 18 ላይ የእሑድን 7 ስትጨምሩ 25 ይሆናል። መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ የነነዌ ጾም በጥር ይገባል፤ በጥቅምት ከዋለ በየካቲት። ስለዚህ የ2018 ነነዌ ጥር 25 ነው። ከነነዌ በ14ኛው ቀን ዐቢይ ጾም፣ በ69ኛው ቀን ፋሲካ። የካቲት 9 እና ሚያዝያ 4።

የ2019ን ራሳችሁ ሞክሩት። አንድ ነገር ብቻ ልርዳችሁ፦ ጥቅምት 7 ቀን 2019 ቅዳሜ ነው። ነነዌ የካቲት 15 ከመጣላችሁ አግኝታችኋል።

ፕሮግራሜ ተሳሳተ

በ2017 ጳጉሜን ላይ ፕሮግራሙን ጨረስኩ። ባለፉት ዓመታት ፈተንኩት። 2015 ልክ ነው። 2016 ልክ ነው። 2018ም ልክ ነው። 2017 ብቻ «ነነዌ ጥር 3፣ ቅዳሜ» አለኝ። ያች ስልኩ ያልጮኸባት ዓመት!

ሁለት ሌሊት ስህተቱን ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። በሦስተኛው ቀን ከእናቴ ጋር ስናወራ እንደ ቀልድ «እማዬ፣ ነነዌ ቅዳሜ ውላ ታውቃለች?» አልኳት።

ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቼ ነበር። «ነነዌ ከሰኞ መች ወጥታ ታውቃለች! ዐቢይ ጾምም ከሰኞ አይወጣም። ደብረ ዘይት፣ ሆሣዕና፣ ትንሣኤ ከእሑድ አይወጡም። ስቅለት ከዓርብ፣ ዕርገት ከሐሙስ። መጥቅዕሽ ስንት ነው?»

ደነገጥኩ። «29» አልኳት።

«ምን ቀን ዋለ?»

«ረቡዕ።»

«የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። 33 ሆነልሽ። 30ውን ጥለሽ 3 አልሽ፤ ግን ወሩን አላሻገርሽውም። ከ30 ካለፈ እኮ ወሩም ይሻገራል። የካቲት 3 ነው ልጄ።»

ኮምፒውተሬ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። የካቲት 3፣ ሰኞ። ልክ ነበረች።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ማንም አላስተማረኝም። አባዬ በረንዳ ላይ ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ እኔ እዚያው ሆኜ ቆሎ እቆላ ነበር።»

አያቴ መሪጌታ እንደነበሩ አውቃለሁ። ተማሪዎቻቸው ወንዶች ልጆች ነበሩ። እናቴ ከተማሪዎቹ አልተቆጠረችም፤ ግን ሰምታለች፣ ይዛዋለችም። ከ30 ዓመት በላይ ልጇ ሆኜ ስኖር አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። በየዓመቱ «ነገ ጾሙ ይገባል» ስትለኝ ከቄስ ሰምታ ነው እል ነበር።

ከዚያ በኋላ ትንሽ አወራን። «ለመሆኑ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ጥቂት ቆይታ ያንኑ ደግማ ጠየቀችኝ። ደግሜ ነገርኳት።

ሰምላ

በ2018 የካቲት 8 ቀን እሑድ ማታ ደወልኩላት። «እማዬ፣ ነገ ጾሙ ይገባል» አልኳት። «እግዚአብሔር በሰላም ያስጨርሰን» አለች። ማቀዝቀዣዬን አስቀድሜ አጽድቼ ነበር።

ማክሰኞ መሥሪያ ቤት ስገባ ጠረጴዛው በሰምላ ተሞልቷል። ሰምላ ውስጡ የለውዝ ሊጥና ክሬም ያለበት ክብ ዳቦ ነው። ስዊድኖች በጥንት ጊዜ የሚበሉት ከጾማቸው በፊት ባለችው ማክሰኞ ነበር፤ ቅበላቸው ነው ማለት ይቻላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱ ሉተራዊ ከሆነች በኋላ ጾሙ እየተረሳ ሄደ። በአማርኛ ሲነገር ያምራል፦ ጾሙ ቀረ፣ ዳቦው ቀረ። አንዱ «ቀረ» ጠፋ ማለት ነው፤ ሌላው «ቀረ» እዚሁ አለ ማለት ነው።

አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ሳህን ሲያቀርብልኝ «ጾም ላይ ነኝ» አልኩት። «ቀኑን እንዴት ታውቂዋለሽ?» አለኝ። ወረቀት አምጥቼ 5500 ጨምር ልለው ስል ስልኬ ጮኸ። ደብረ ማርቆስ። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«በይ ልጄ» አለችኝ እናቴ፣ «ነገ ጾሙ ይገባል። ማቀዝቀዣሽን እዪው።»

ጾሙ ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ማክሰኞ መሆኑን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«እሺ እማዬ» አልኳት። «አሁኑኑ አየዋለሁ።»

እናንተም በቤታችሁ ቆሎ እየቆላች የሰማች ሰው ትኖር ይሆናል። ሳትቆዩ ጠይቋት።